የወባ መከላከያ ክኒን፡- ወቅቱን ከሳተ ኪሳራ ነው

በሰሊጥ ንግድ ውስጥ የሰነበተ ሰው መስከረምንና ጥቅምትን የሚፈራው በዋጋ መዋዠቅ ብቻ አይደለም። በሑመራ፣ በመተማና በአርማጭሆ ሰብሉ የሚታጨደው በእነዚሁ ሳምንታት ሲሆን፣ ዝናቡን ተከትላ የወባ ትንኝ በብዛት የምትራባውም ያኔውኑ ነው። የሰሊጥ ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው። በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አጫጁ አልጋ ላይ ቢውል ሰሊጡ እስኪድን አይጠብቀውም።

ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መግለጫ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በ2023 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ሕሙማን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ሰው ሲታመም ከእርሻው፣ ከግንባታው፣ ከመጋዘኑና ከጭነት መኪናው ላይ የሚጎድለው የሥራ ቀን ቀላል አይሆንም።

ለመሆኑ ሰው ሳይታመም አስቀድሞ ክኒን በመስጠት ወረርሽኙን ማስቀረት አይቻልም ወይ? ይቻላል። በተለያዩ አገሮች ተደርጓልም። ይሁን እንጂ ይህ ክኒን እንደ ማንኛውም የገበያ ዕቃ ወቅት አለው፣ መጠን አለው፣ ዓይነትም አለው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳተ ወጪው ይወጣል፤ ትርፉ ግን አይታይም።

ክኒኑ ምን ይሠራል?

ወባ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በትንኝ ነው። ትንኟ ጥገኛ ተሕዋሲውን የምታገኘው በደሙ ውስጥ ተሕዋሲው ያለበትን ሰው ስትነድፍ ሲሆን፣ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሌላውን ስትነድፍ ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ ፀረ ወባ መድኃኒት ቢወስድ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ በደም ውስጥ ያለው ተሕዋሲ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እስከቆየ ድረስ አዲስ የሚገባው ተሕዋሲ ሥር አይሰድም። ትንኟ አለች፤ ይዛው የምትዞረው ሸቀጥ ግን ያንሳታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ሁሉ እንዲህ ያለ ክኒን የለውም። በ2013 በድሬዳዋ ለተከሰተው የደንጌ ትኩሳትም ሆነ በ2019 እዚያው ከተማ ለተስፋፋው ቺኩንጉንያ አስቀድሞ የሚዋጥ መድኃኒት አልነበረም፤ መፍትሔው ትንኟን መቆጣጠር ነበር። ለቢጫ ወባ ደግሞ ያለው መከላከያ ክትባት ነው። አስቀድሞ በሚሰጥ ክኒን ወረርሽኝን የመግታት ጉዳይ ሲነሳ ነገሩ በዋናነት የሚመለከተው ወባን ነው።

አሠሪው የከፈለበት ኩዊኒን

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጣሊያን የስንዴ እርሻዎች ችግር የዛሬውን የሑመራ ችግር በእጅጉ ይመስል ነበር። በመከር ወራት ከተራራማው አገር ወደ ሮማ ሜዳና ወደ ደቡብ የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ በወባ እየተመታ ይመለስ ነበር። መንግሥት በ1900 ባወጣው ሕግ ኩዊኒንን ራሱ እያዘጋጀ በጨውና ትምባሆ መሸጫ ሱቆች በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ የሠራተኛው መድኃኒት ወጪ በአሠሪው ላይ እንዲወድቅ ሲደነግግ፣ በ1904 ደግሞ ለሕክምና ብቻ ሳይሆን ለመከላከያም እንዲሰጥ ተፈቀደ።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። በ1900 በጣሊያን በወባ የሞተው ሰው ከ15,000 በላይ ሲሆን በ1914 ወደ 2,000 ገደማ ወርዶ ነበር። ነገር ግን ኩዊኒን ሞትን ቀነሰ እንጂ በሽታውን አላጠፋውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥርጭቱን ሲያናጋው ወባም ተመልሶ ገባ። ዛሬ በአማርኛ ማንኛውም እንክብል «ክኒን» መባሉ ከዚሁ ከኩዊኒን ስም የወረደ መሆኑ መድኃኒቱ ምን ያህል ገበያ እንደነበረው ይመሰክራል።

የሳህል ስሌት

በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው የሳህል ቀጠና የሚገኘው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው ምክር መሠረት፣ በዝናቡ ወራት በየወሩ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚንና አሞዲያኪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ለጤናማ ሕፃናት ይሰጣሉ። ሥራው የሚከናወነው ቤት ለቤት ሲሆን ብዙውን ጊዜ አራት ዙር አለው። በ2023 በ19 አገሮች በአማካይ በየዙሩ ወደ 53 ሚሊዮን ሕፃናት ተዳርሰዋል።

ከዚህ ሥራ ነጋዴ የሚማርባቸው ሁለት አኃዞች ወጥተዋል። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። በሰባት የምዕራብና የማዕከላዊ አፍሪካ አገሮች በተደረገ ጥናት አንድን ሕፃን በአራቱም ዙር ለማዳረስ የወጣው ወጪ በ2016 በአማካይ 3.63 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የሚበልጠው የክኒኑ ዋጋ ሳይሆን የማዳረሻው፣ ማለትም የሠራተኛው፣ የመጓጓዣውና የቁጥጥሩ ወጪ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በዚያው ፕሮግራም መድኃኒቱ ከተወሰደ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ከወባ የመከላከል አቅሙ 88 በመቶ ሆኖ ሲገኝ፣ ከ29ኛው እስከ 42ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ 61 በመቶ ወርዷል። የሁለት ሳምንት መዘግየት የተገዛውን ጥበቃ ሲሶ ያህል ይበላል ማለት ነው። መጓጓዣ ተበላሸ፣ በጀት አልተለቀቀም፣ መንገድ ተዘጋ የሚሉ ምክንያቶች በሌላ ዕቃ ላይ የዋጋ ጭማሪ ያመጡ ይሆናል። እዚህ ግን ዕቃውን ራሱን ያሳንሱታል።

እሳቱ ከተያያዘ በኋላስ?

ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ ለሕዝብ በሙሉ ክኒን ማደልም ተሞክሯል። በሴራሊዮን በ2014 መጨረሻ የኢቦላ ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ በኢቦላ ይጠረጠር ነበር። የጤና ጣቢያዎችን ጫና ለማቃለል በዲሴምበር 2014 እና በጃንዋሪ 2015 በእያንዳንዱ ዙር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፀረ ወባ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ደረሰው። በሳምንታት ውስጥ የወባ ሕሙማን ቁጥር ቀንሷል። ዓላማው ወባን ማጥፋት ሳይሆን አስጨናቂውን ጊዜ ማለፍ ስለነበር ተሳክቷል ሊባል ይችላል።

በአንጻሩ ኒካራጓ በ1981 ከሕዝቧ 70 በመቶ ለሚሆነው፣ ማለትም ለ1.9 ሚሊዮን ሰው ያህል ክሎሮኪንና ፕሪማኪን አድላ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመታመም ድነዋል። ነገር ግን ትንኟ ስላልተነካችና ክኒኑን ያልወሰደም ብዙ ሰው ስለነበረ በሽታው ከወራት በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያሻሻለው መመሪያም የዚህ ዓይነቱ የጅምላ እደላ ጥቅም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ መሆኑን ይገልጻል። እደላው ለጊዜው ፋታ ይሰጣል፤ በተገኘው ፋታ መድኃኒት ካልተረጨ፣ አጎበር ካልተዘረጋና ሕሙማን በጊዜ ካልታከሙ ግን ገንዘቡ በአንድ ክረምት ያልቃል።

የዘገየው እደላ ችግር ከዚህም ይብሳል። ወረርሽኝ መሆኑ የሚታወቀው የሕሙማን ቁጥር ከተለመደው ሲያልፍ ነው። ሪፖርቱ እስኪሰበሰብ፣ መድኃኒቱ እስኪገዛና እስኪጓጓዝ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ዝናቡ አቁሞ ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ መውረድ ሊጀምር ይችላል። ያኔ የሚታደለው ክኒን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል። ቁጥሩ ሲወርድ ምስጋናው ለክኒኑ ይሰጣል፤ የወረደው ግን ደመናው ስለተበተነ ነው።

ጨው ውስጥ የተደባለቀው መድኃኒት

የዓይነቱን ጉዳይ ለመረዳት ደግሞ ወደ ካምቦዲያ መሄድ ያስፈልጋል። ፓይሊን በታይላንድ ድንበር ላይ የምትገኝ የከበሩ ድንጋዮች ማውጫ ስትሆን ከየአቅጣጫው ዕድሉን የሚሞክር ሠራተኛ ይመላለስባታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን ተንቀሳቃሽ ሕዝብ ለመጠበቅ ሲባል ፒሪሜታሚን፣ ቀጥሎም ክሎሮኪን ከገበታ ጨው ጋር ተደባልቆ ይታደል ነበር። ጨው የማይበላ ሰው ስለሌለ ዘዴው ብልህነት ይመስላል። ይሁንና እያንዳንዱ ሰው የሚያገኘው መጠን ጨው በበላ ቁጥር የሚለያይ፣ ብዙውን ጊዜም ተሕዋሲውን ለመግደል የማይበቃ ነበር። ያልሞተው ተሕዋሲ መድኃኒቱን ለመደው። የፓይሊን አካባቢ ከዚያ በኋላ ከአንድም ሁለት ሦስት መድኃኒቶችን የለመደ ወባ የሚገኝበት ሆኖ ቆይቷል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፀረ ወባ መድኃኒት ሲጎድል ሊተካ የሚችል ብዙ ዓይነት የለውም። ለዚህም ነው ለመከላከያ የሚውለው መድኃኒት ሕሙማን በመጀመሪያ ደረጃ ከሚታከሙበት መድኃኒት የተለየ እንዲሆን የሚመከረው። በመጠባበቂያ የተቀመጠውን ዕቃ በቅድሚያ አውጥቶ የሚሸጥ ባለሱቅ የችግር ቀን ሲመጣ መደርደሪያው ባዶ ይሆንበታል።

የኢትዮጵያ ገበያ ለምን ይለያል?

የሳህል ዘዴ እንዳለ ተገልብጦ ወደ መተማ የማይመጣባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው መድኃኒቱን መልመድ ነው። ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን፣ ብዙው ሰው ፋንሲዳር ብሎ የሚያውቀው፣ ክሎሮኪን መሥራት ባቃተው ጊዜ በ1998 የኢትዮጵያ ዋነኛ የፋልሲፓረም ወባ መድኃኒት ሆኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሱም ደከመ። በ2003 አገሪቱ በሰፊ ወረርሽኝ ተመታች፤ በ2004 ዋናው መድኃኒት ኮአርተም በሚባለው ተተካ። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ወባ ይህን የሳህል መድኃኒት ስለለመደ ዘዴው እዚህ አይሠራም የሚል አመለካከት ለዓመታት ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት በኡጋንዳ ካራሞጃና በሞዛምቢክ ናምፑላ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ሕፃናቱ ጥበቃ እንዳገኙ በማሳየታቸው በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም።

ሁለተኛው ኮአርተምን ራሱን ለመከላከያ የማዋል አደጋ ነው። በ2017 እና በ2018 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ዘር መድኃኒት በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘር ለውጥ ተገኝቷል። ይህ ማለት ኮአርተም መፈወስ አቁሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን ለጤነኛ ሰው በየወሩ በማደል ሊባክን የማይገባው ዕቃ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው የወባው ዓይነት ነው። በሳህል በአብዛኛው ያለው ፋልሲፓረም ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ቫይቫክስ የተባለውም ቀላል የማይባል ድርሻ አለው። በ2024ቱ ወረርሽኝ ከሕሙማኑ 70 በመቶ ገደማ የተያዙት በፋልሲፓረም ነበር። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። የተደበቀውን የሚያወጣው እንደ ፕሪማኪን ያለ መድኃኒት ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል። በተፈጥሮ የደም ኤንዛይም ጉድለት ባለበት ሰው ላይ ግን ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል እንደ ከረሜላ የሚታደል አይደለም።

አራተኛው የሚጠበቀው ሰው ማንነት ነው። በሳህል ጥበቃ የሚደረግለት ከእናቱ ቤት የማይርቅ ሕፃን ነው። በሰሊጡ አገር ግን ከደጋ የወረደ፣ ወባን የመቋቋም አቅም ያላዳበረ፣ በዳስ ወይም በሜዳ ላይ የሚያድር፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ጎልማሳ ነው። ከመድረሻው በፊት አይመዘገብም፤ ሦስተኛውን ቀን ክኒን ሳይውጥ ሊሄድ ይችላል። ሲመለስም በሽታውን ይዞ ወደ ደጋ ቀዬው ይገባል። በ1958 ኢትዮጵያን የመታው ታላቅ ወረርሽኝ ወባን በማያውቀው በከፍተኛው አገር ገብቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመና ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። አቅም የሌለው ሕዝብ ሲመታ ምን እንደሚመጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የከተማ ባለሀብትም ነፃ አይደለም

ወባ የቆላ ገበሬ በሽታ ነው የሚለው አባባልም እየቀረ መጥቷል። በእስያ የምትታወቀውና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር በ2016 ተገኘች። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ሕሙማን ተመዝግበው የነበረ ሲሆን በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ2,400 አልፏል። ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ጉድጓድ ይበቋታል። በመሆኑም ክኒንን ከዝናብ ጋር አያይዞ የሚሰጠው ዘዴ በከተማ የጊዜ ሰሌዳው ይጠፋበታል። እዚያ ርካሹ መከላከያ የውኃ መያዣን መክደን ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሀብት 100 አጫጆችን ለ40 ቀን ቢቀጥር 4,000 የሥራ ቀን ገዝቷል ማለት ነው። ከእነዚህ 30ው ታመው እያንዳንዳቸው ስድስት ቀን ቢተኙ 180 ቀን ይጎድላል። አስቀድሞ የተሰጠ መድኃኒት ከሕመሙ ሁለት ሦስተኛውን ቢያስቀር 120 የሥራ ቀን ይተርፋል። ይህ ለመቶው ሲካፈል በሠራተኛ 1.2 ቀን ይሆናል። ስለዚህ አንድን ሠራተኛ ለወቅቱ የመጠበቁ ወጪ ከአንድ ቀን ከሩብ ደመወዝ ገደማ እስካልበለጠ ድረስ፣ የረገፈው ሰሊጥ ሳይቆጠር፣ የታማሚው ማሳከሚያና የሰው ሕይወትም ሳይነሳ ሒሳቡ አይከስርም። የሳህሉ 3.63 ዶላር የሕፃናት መጠን በመሆኑ የጎልማሳው ከዚያ እንደሚበልጥ መታሰብ አለበት።

አሁን ያው መድኃኒት ከ30ው 20ው ከታመሙ በኋላ ደረሰ እንበል። የሚያድነው ከቀሩት አሥሩ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ወጪው አልቀነሰም፤ ትርፉ ግን ወደ ሲሶ ወርዷል።

ከዚህ ስሌት ተነስቶ ክኒን ከመድኃኒት ቤት በካርቶን ገዝቶ ለሠራተኛ ማደል የሚያምረው ባለሀብት ሊኖር ይችላል። ያ የፓይሊንን ጨው መድገም ነው። የትኛው መድኃኒት፣ ለማን፣ በምን መጠን የሚለውን የሚወስነው የጤናው መሥሪያ ቤት ነው። ባለሀብቱና ሠራተኛ የሚያቀርበው ደላላ ግን ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሌለው አንድ ሀብት አላቸው። ስንት ሰው፣ ከየት፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚወርድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ መረጃ በሐምሌ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ ምርመራውም፣ አጎበሩም፣ መከላከያ መድኃኒት የሚፈቀድ ከሆነም ክኒኑ ከሠራተኛው ቀድሞ ይገኛል። በጥቅምት ቢደርስ የሚያገለግለው ለሪፖርት ነው።

ጣሊያን ከመቶ ዓመት በፊት የሠራተኛውን መድኃኒት በአሠሪው ሒሳብ ላይ የጻፈችው ርኅራኄ ስለበዛባት ብቻ አልነበረም። መከሩ የሚሰበሰበው ሰው ቆሞ ሲሄድ መሆኑን ስላየች ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ዘሩን፣ ጆንያውንና የጭነት መኪናውን ከወቅቱ በፊት ያስባል። የአጫጁ ጤና በዚያ ዝርዝር ውስጥ እስካልገባ ድረስ በየመስከረሙ የሚደርሰው ጉድለት የዕድል ጉዳይ ተብሎ መታለፉ ይቀጥላል።